ዓይን የዘለለውን ሽንት መሰከረ

በጓሳ ጭላዳዎች ሥጋ ውስጥ የሚደበቀው ትል፣ የሚያጋልጠው ፕሮቲንና የምርመራን ውጤት የመመዘን ጥበብ

ጭላዳ የሚያድረው ገደል ላይ ነው። ጎሕ ሲቀድ ከመንዝ አፋፍ ሥር ቁልቁል ወደ ስምጥ ሸለቆ ከሚወርደው ገደል እየተንጠላጠለ ይወጣና ጓሳ ሜዳ ላይ ይሰፍራል። ውርጩ ከሣሩ ላይ እስኪለቅ ፀሐይ ይሞቃል፤ እርስ በርሱ ጠጉር ይፈታተሻል። ከዚያ የቀኑ ሥራ ይጀምራል። ቁጭ እንዳለ በቂጡ እየተንፏቀቀ፣ በሁለት እጁ ሣሩን እየነጨ እስኪመሽ ይግጣል። ከሩቅ ሲያዩት የበግ መንጋ ይመስላል፤ ከዝንጀሮ ዘመዶቹ ሁሉ በሣር የሚኖር እሱ ብቻ ነው።

ቀረብ ብሎ ላስተዋለ ግን ከመንጋው ውስጥ ሁሉም ጤነኛ አይደለም። አንዳንዱ ጭኑ ላይ፣ ሆዱ ላይ ወይም ጉንጩ ሥር ቆዳውን ወጥሮ የተንጠለጠለ እብጠት አለው። እብጠቱ የቋጠረው መግል አይደለም፤ ውሃ የሞላበት ከረጢት ነው። በከረጢቱ ግድግዳ ላይ ነጫጭ የትል ራሶች ተደርድረዋል፤ እያንዳንዱ ራስ ምቹ ሆድ ካገኘ ራሱን የቻለ ትል ይሆናል። ሳይንስ ይህን ትል ቴኒያ ሰሪያሊስ ይለዋል። እኛ ኮሶ የምንለው ትል የቅርብ ዘመዱ ነው።

በጓሳ ጭላዳን ለዓመታት የተከታተሉት በካሊፎርኒያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ፉለርተን የሚሠሩት ፒተር ፋሺንግና ንጋ ንጉየን፣ ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2015 ያሳተሙት ጥናት ነገሩን በቁጥር አስቀምጦታል። ቡድኑ 344 ጭላዳዎችን ስድስት ዓመት ተኩል ሙሉ ያለማቋረጥ ተከታትሏል። እያንዳንዷን እንስሳ በመልኳ ይለያታል። መቼ እንደ ወለደች፣ መቼ እንዳበጠች፣ መቼ እንደ ጠፋች ይመዘግባል። ውጤቱ እንዲህ ነበር፦ ከአዋቂዎቹ ወደ ሲሶ የሚጠጉት በዚያ ጊዜ ውስጥ ቢያንስ አንድ እብጠት ታይቶባቸዋል። እብጠት ያለባቸው ከሌለባቸው ይበልጥ ሞተዋል። እብጠት ያለባቸው እናቶች ልጆችም እንዲሁ በብዛት አልቀዋል። ሴቶቹ በሁለት ወሊድ መካከል ያለው ጊዜ ረዝሞባቸዋል፤ ወንዶቹም የሴቶችን ቡድን ተቆጣጥሮ አባወራ የመሆን ዕድላቸው ቀንሷል። ጉዳቱ ከእናት አልፎ ወደ ልጅ ይሻገራል ማለት ነው።

ይህ ሁሉ በዓይን የተገኘ እውቀት ነው። በዓይን የተገኘ በመሆኑም አንድ ጥያቄ ይከተለዋል፤ ቆዳውን ወጥሮ ያልወጣውስ? ከረጢቱ ጡንቻ ውስጥ ጠልቆ ወይም ሆድ ዕቃ ውስጥ ተሰንቅሮ ሊያድግ ይችላል። እንዲህ ያለችው ጭላዳ ከውጭ ለሚያያት ደህና ናት። አጥምዶ፣ አደንዝዞ፣ ደም ቀድቶ መመርመር ደግሞ ለእንስሳዋም ለመንጋውም ከባድ ነው። በሽታውን ሳይነኩ የሚያዩበት መንገድ ያስፈልግ ነበር።

አንድ ሣር፣ ብዙ በላተኛ

መንገዱን ከማየታችን በፊት ትሉ እንዴት ወደ ጭላዳ እንደሚገባ እንይ። ትሉ ጎልምሶ የሚኖረው በውሻ ዘር አንጀት ውስጥ ነው። ዕንቁላሉ ከዓይነ ምድር ጋር ወጥቶ ሣር ላይ ይበተናል። ሣሩን የሚበላ ጥንቸል ወይም አይጥ ዕንቁላሉን ይውጠዋል፤ በሥጋው ውስጥም ከረጢቱ ያድጋል። ያን ጥንቸል ወይም አይጥ ውሻ ወይም ቀበሮ ሲበላው ዑደቱ ይዘጋል። ጭላዳ በዚህ መሐል የገባው ሣር በላተኛ በመሆኑ ነው።

ጓሳ ደግሞ ሁሉም የሚገናኝበት ሜዳ ነው። የመንዝ ሰው ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት ጀምሮ በቄሮ ሥርዓት ሣሩን ለዓመታት ዘግቶ፣ ሲደርስ ከፍቶ፣ ለቤት ክዳን፣ ለገመድና ለከብቱ ይጠቀምበት ነበር። ሥርዓቱ በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ቢቋረጥም ሕዝቡ ኋላ በራሱ የጥበቃ ደንብ ሜዳውን መልሶ ይዞታል። በዚህ ምክንያት ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ባለው በዚህ ቦታ ቀይ ቀበሮ፣ ጭላዳ፣ በግና የበግ ጠባቂ ውሻ እስከ ዛሬ አንድ ሣር ይረግጣሉ።

ጉርብትናው ምን ያህል የቀረበ እንደሆነ በጓሳ የተደረገ ሌላ ጥናት አሳይቷል። ቀይ ቀበሮ በሚግጡ ጭላዳዎች መሐል እየተመላለሰ አይጥ ያድናል፤ ጭላዳዎቹም አይሸሹትም። ብቻውን ሲያድን የሚሳካለት ከአራት ሙከራ አንዱ ሲሆን፣ በጭላዳዎች መሐል ሲሆን ግን ከሦስት ሁለቱ ነው። ይህ ማለት ግን ለትሉ ተጠያቂው ቀበሮው ነው ማለት አይደለም። የመንደር ውሻም ሆነ ሌላው የውሻ ዘር በዚያው ሣር ላይ ያልፋል። ጥፋተኛውን መለየት የእያንዳንዳቸው አንጀት ምን ዓይነት ትል እንደ ያዘ መርምሮ ማወቅን ይጠይቃል።

ከከብት የተነሣ ምርመራ

በከረጢቱ ያለው ሕያው የትሉ እጭ በተቀመጠበት ሥጋ ውስጥ ዝም ብሎ አይኖርም። ይበላል፣ ያስወግዳል፣ የራሱን ፕሮቲኖች ወደ ውጭ ይለቃል። እነዚህ ፕሮቲኖች ወደ አስተናጋጁ ደም ይገባሉ፤ ከደሙም ጥቂቱ በኩላሊት በኩል ወደ ሽንት ያልፋል። በሽታን በፕሮቲን የመለየት ሐሳብ ሁሉ መሠረቱ ይህ ነው፦ በሽታው ባይታይም የሚለቀው ነገር ይታያል።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ መጨረሻ ሄንሪ ቤንስ ጆንስ የተባለ የለንደን ሐኪም ከአንድ የአጥንት ሕመምተኛ ሽንት ያልተለመደ ፕሮቲን አግኝቶ ነበር፤ ዛሬም በአጥንት መቅኒ ካንሰር ምርመራ ስሙ ይነሣል። በየፋርማሲው የሚሸጠው የእርግዝና መመርመሪያም የሚያነበው ከሽንት ውስጥ አንድ ፕሮቲን ያዘል ሆርሞን ነው። የጎደለው ከብዙ ሺህ ፕሮቲኖች መካከል የሚፈለገውን ብቻ ነጥሎ የሚይዝ ነገር ነበር። እሱም እ.ኤ.አ. በ1975 መጣ። ጆርጅ ኮለርና ሴዛር ሚልስታይን አንድን ዒላማ ብቻ የሚይዝ ፀረ እንግዳ አካል በላቦራቶሪ በብዛት የሚመረትበትን ዘዴ አገኙ፤ በ1984ም ከኒልስ የርነ ጋር የኖቤል ሽልማት አገኙ። ከ1975ቱ ግኝት በአራት ዓመት ቀድሞ፣ በ1971፣ ስቶክሆልም ውስጥ ኤቫ ኤንግቫልና ፒተር ፐርልማን ኤሊዛ የተባለውን የምርመራ ዘዴ አስተዋውቀው ነበር። ሁለቱ ሲጣመሩ ለምርመራ አዲስ ዘመን ተከፈተ።

ወደ ጭላዳ የደረሰው መንገድ ግን በከብት በኩል ያለፈ ነው። ጥሬ ሥጋ ለሚወድ አገር ኮሶ እንግዳ አይደለም። ትሉ በሰው አንጀት ይኖራል፤ እጩ በበሬ ሥጋ ውስጥ ይቀመጣል፤ ሥጋው ሳይበስል ሲበላ ወደ ሰው ይመለሳል። አባቶቻችን የኮሶን ዛፍ አበባ ወቅጠው፣ በጥብጠው፣ በየጥቂት ወራቱ ይጠጡ የነበረው ለዚህ ነው። ቤልጂየም ውስጥ በአንትወርፕ የትሮፒካል ሕክምና ተቋም የሚሠሩ ተመራማሪዎች በሕይወት ያለ በሬ እጩን ተሸክሞ እንደሆነ ለማወቅ ፈለጉ። እ.ኤ.አ. በ1992 ከበሬ ኮሶ እጭ የሚለቀቁትን ፕሮቲኖች የሚይዙ ፀረ እንግዳ አካላትን ተጠቅመው የደም ምርመራ ይፋ አደረጉ። ፀረ እንግዳ አካላቱ የቴኒያ ዘመዶች ሁሉ የሚጋሩትን ፕሮቲን ስለሚይዙ፣ ምርመራው ከከብት አልፎ ለሰውም አገለገለ።

ኢንዲያ ሽናይደር ክሪስ የተባለች ተመራማሪና ባልደረቦቿ ይህን ምርመራ ወደ ሰሜን ተራሮች ጭላዳዎች አመጡት። በደም ፈንታ ሽንት፣ በጠርሙስ ፈንታ ወረቀት ተጠቀሙ። ጭላዳዋ ስትሸና የተገኘው ሽንት በማጣሪያ ወረቀት ላይ ይደርቃል፤ የደረቀው ወረቀትም ወደ ላቦራቶሪ ይሄዳል። ኤሌክትሪክና ማቀዝቀዣ በማይገኝበት ተራራ ላይ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ላቦራቶሪው ውስጥ የኤሊዛው ሥራ ትዕግሥት ይጠይቃል። ትናንሽ ጉድጓዶች ያሉት የፕላስቲክ ሳህን ግርጌ በመጀመሪያው ፀረ እንግዳ አካል ይለበጣል። ከወረቀቱ የታጠበው ሽንት ይጨመራል። የትሉ ፕሮቲን ካለ ይያዛል፤ የቀረው ታጥቦ ይሄዳል። ከዚያ ሁለተኛው ፀረ እንግዳ አካል ይጨመርና የተያዘውን ፕሮቲን ከላይ ይይዘዋል። በእሱ ላይ ቀለም የሚያወጣ ኤንዛይም ተያይዟል። ፕሮቲኑ በበዛ ቁጥር ቀለሙ ይደምቃል፤ ማሽኑ ድምቀቱን በቁጥር ያነባል። ከየትኛው ቁጥር በላይ ያለው ታማሚ እንደሚባል የሚወስነው ግን ሰው ነው። ይህንንም የሚወስነው መታመማቸው ከተረጋገጠና ጤነኛ ከተባሉ እንስሳት ሽንት ጋር አወዳድሮ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመው ውጤት እንዲህ ይላል። ምርመራው ከታመሙት 98.5 በመቶውን ይይዛል፤ ከጤነኞቹ 98.4 በመቶውን በትክክል ጤነኛ ይላል። በዚያ ማኅበር ውስጥ ከተመረመሩት ጭላዳዎች 16.4 በመቶ የሚሆኑት ቢያንስ አንድ ጊዜ የትሉን ፕሮቲን አሳይተዋል፤ እብጠት የታየባቸው ግን 6 በመቶ ብቻ ናቸው። እብጠት ጎልቶ የሚታየው በአዋቂዎች ላይ ሲሆን፣ ፕሮቲኑ ግን በዕድሜም በፆታም አልተለየም። ገና ያላበጡት፣ የማያብጡትም ከታማሚው ጎራ ገቡ።

ይህን ቁጥር ከጓሳው ሲሶ ጋር ማወዳደር ግን ስሕተት ነው። የጓሳው በስድስት ዓመት ተኩል ውስጥ አንድ ጊዜም ቢሆን እብጠት የታየባቸው አዋቂዎች ድርሻ ነው፤ የሰሜኑ ልጅም አዋቂም ያለበት የሌላ ማኅበር መለኪያ ነው። የሚያስተምረን ሌላ ነው፦ ዓይን የሚሰጠው ቁጥር መነሻ እንጂ ጣሪያ አይደለም።

ምስክሩና ዳኛው

አንባቢ እዚህ ላይ «እንግዲያው ሽንቱን መመርመር ነዋ!» ቢል አይፈረድበትም። ነገር ግን ፕሮቲን ምስክር እንጂ ዳኛ አይደለም። ምስክሩ እውነተኛ ቢሆንም ቃሉ የሚመዘነው በሚናገርበት አገር ሁኔታ ነው።

ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። ከአንድ ሺህ ጭላዳዎች አንድ መቶዎቹ ታመዋል እንበል። ምርመራው ከመቶው 98 ወይም 99ኙን ያገኛል። ከዘጠኝ መቶው ጤነኛ ደግሞ 1.6 በመቶውን፣ ማለትም ወደ 14 የሚሆኑትን፣ በስሕተት ታማሚ ይላል። ታማሚ ከተባሉት 113 ውስጥ አብዛኞቹ በእውነት ታመዋል፤ ጥሩ ውጤት ነው። አሁን በሽታው ብርቅ ወደሆነበት ሌላ ተራራ እንሂድ፤ ከሺው አሥሩ ብቻ ታመዋል። ምርመራው አሥሩንም ቢያገኝ፣ ከ990ው ጤነኛ 16ቱን በስሕተት ይከስሳል። ከተከሰሱት 26 ውስጥ አብዛኞቹ ንጹሓን ሆኑ! ምርመራው አልተለወጠም፣ ፀረ እንግዳ አካሉ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ቦታው ነው። ይህ ሒሳብ ለጭላዳ ብቻ አይደለም፤ በሆስፒታል ለካንሰር፣ ለልብ ወይም ለወባ የሚደረግ የፕሮቲን ምርመራ ሁሉ ይገዛለታል።

ምርመራው ሁለተኛም ጉድለት አለው። ፀረ እንግዳ አካሉ የቴኒያን ቤተሰብ ያውቃል እንጂ ወንድምን ከወንድም አይለይም። በጓሳ የትሉ ማንነት የተረጋገጠው ከእብጠቱ በተወሰደ ናሙና ዘረ መሉን በመመርመርና ሥጋውን በማይክሮስኮፕ በማየት ነው። አንዱ ምርመራ «ትል አለ» ይላል፤ ሌላው «የትኛው ትል» ይላል። አንዱ ያለ ሌላው ግማሽ ነው።

በጎ ጎኑም አለ። ትሉ የለቀቀውን ፕሮቲን መፈለግ፣ አካል ለትሉ የሰጠውን ምላሽ ከመፈለግ ይለያል። የአካሉ ፀረ እንግዳ አካል ትሉ ከሞተ በኋላም ለወራትና ለዓመታት ሊቆይ ይችላል። የትሉ ፕሮቲን ግን ትሉ ሲሞት እየጠፋ ይሄዳል። ስለዚህ የሽንቱ ምስክርነት ስላለፈው ሳይሆን ስለ አሁኑ ነው።

ከውርጭ ወደ ቆላ

ከጓሳ ውርጭ ወርዶ በመርሐቤቴ በኩል ወደ ጀማ ሸለቆ ለሚዘልቅ መንገደኛ ጨዋታው ስለ ትል መሆኑ ቀርቶ ስለ ወባ ይሆናል። በወባ አገር ለብዙ ዓመታት ጤና ኬላ ላይ የተሠራበት ፈጣን መመርመሪያ ኪትም የፕሮቲን ምስክር ነው። ከጣት ጫፍ አንዲት ጠብታ ደም ወስዶ ፋልሲፓረም የተባለው የወባ ተውሳክ የሚለቀውን ኤች አር ፒ ቱ የተባለ ፕሮቲን ይፈልጋል። ካገኘው መስመር ይወጣል።

ተውሳኩ ግን ያንን ፕሮቲን የሚያሠራውን ዘረ መል ጥሎ መኖር እንደሚችል እ.ኤ.አ. በ2010 ከፔሩ አማዞን ተሰማ። በኢትዮጵያ ሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት የሚሠራው ስንደው መካሻ ፈለቀ ከአገርና ከውጭ ባልደረቦቹ ጋር አማራ፣ ትግራይና ጋምቤላን ያካተተ ጥናት አደረገ። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመው ይህ ጥናት 12,572 ሰዎችን ያሳተፈ ነው። ከፋልሲፓረም ወባ ሕሙማን 9.7 በመቶ የሚሆኑትን ይህ ኪት በዘረ መሉ መጥፋት ምክንያት ብቻ እንደሚስታቸው አረጋገጠ። የዓለም ጤና ድርጅት ኪት ይቀየር የሚለው ስሕተቱ ከአምስት በመቶ ሲያልፍ ነው። ተመርምሮ «ወባ የለብህም» የተባለው ሰው መድኃኒት ሳያገኝ ይመለሳል፤ በደሙ ውስጥ ያለውም ተውሳክ በትንኝ በኩል ወደ ሌላ ሰው ይሻገራል። ኪቱ ራሱ ለሚያመልጡት መንገድ እየጠረገ ነበር ማለት ነው።

ያው ፕሮቲን በሌላ ጎኑም ያሳስታል፤ ሕመምተኛው ድኖ ሳለ ለሳምንታት በደም ውስጥ ይቆያል። ለዚህ ነው ተውሳኩ ሊኖር ሲል የግድ የሚያስፈልገውን ኤል ዲ ኤች የተባለ ኤንዛይም የሚፈልጉ ኪቶች የተመረጡት። ይህን ዘረ መል ጥሎ መኖር ለተውሳኩ ከባድ ነው፤ ኤንዛይሙም ተውሳኩ ሲሞት ቶሎ ይጠፋል። ኤርትራ እ.ኤ.አ. በ2016 ኪቷን ቀይራ ነበር፤ ኢትዮጵያም ያንኑ መንገድ ተከትላለች።

ካላዛርም ተመሳሳይ ታሪክ አለው። አርኬ 39 በተባለ ፕሮቲን የሚሠራው ፈጣን ምርመራ በሕንድ በጣም አስተማማኝ ሆኖ ሳለ፣ በመተማና በሑመራ በኩል ባለው በእኛ ቆላ ግን የሚያመልጡት ይበዛሉ። የተሠራው ከሌላ አህጉር ተውሳክ ነው፤ የምሥራቅ አፍሪካው ተውሳክ በመጠኑ ይለያል። ስለዚህ ምርመራው «የለም» ባለ ጊዜ ሐኪሙ በዚያ አያቆምም፤ ከጣፊያ ወይም ከመቅኒ ናሙና እስከ መውሰድ ይሄዳል።

የመንዝ በግና የውሻው ድርሻ

ወደ ደጋው ስንመለስ፣ የጭላዳው ጉዳይ ከሰው ኑሮ የራቀ አይደለም። የመንዝ ገበሬ በጉ አንገቱን አጣሞ በአንድ ቦታ ሲዞር ሲያይ አዙሪት ይዞታል ይላል። አዙሪት የሚያመጣው ቴኒያ መልቲሴፕስ የተባለ ትል ነው፤ የጭላዳው ትል ወንድም። ልዩነቱ ከረጢቱ አንጎል ላይ መቀመጡ ነው። ዑደቱም ያው ነው፦ በጉ ሲታረድ ወይም ሲሞት ጭንቅላቱ ለውሻ ይጣላል፤ ውሻው ትሉን ተሸክሞ ሣር ላይ ዕንቁላል ይበትናል፤ በጉ ያንን ይግጣል። በጓሳ ዳርቻ ያ ሣር የጭላዳም ነው። ሁለቱም ትሎች አልፎ አልፎ ዕንቁላሉን በድንገት የዋጠውን ሰው ይይዛሉ።

ለዚህ መፍትሔው ላቦራቶሪ ብቻ አይደለም። የታረደን በግ ጭንቅላት መቅበር ወይም ማቃጠል፣ ውሻን በየጊዜው የትል መድኃኒት መስጠት ዑደቱን ይሰብራል። የፕሮቲን ምርመራው ጥቅም የሚታየው እዚህ ላይ ነው። እብጠት እስኪታይ መጠበቅ ዓመታት ይወስዳል፤ የተጀመረው ሥራ መሥራቱን የሚነግረን ዘግይቶ ነው። የሽንት ምርመራ ግን ገና ያላበጡትን ስለሚያሳይ፣ ውሾቹ መድኃኒት ከተሰጣቸው በኋላ በጭላዳዎቹ ላይ ለውጥ መኖር አለመኖሩን ቀድሞ ሊናገር ይችላል።

እዚህ ላይ የጓሳ የተለየ ሀብት ይታያል። ፀረ እንግዳ አካሉ ከአንትወርፕ፣ ሳህኑና ማሽኑ ከሌላ አገር ይገዛሉ። የማይገዛው ጭላዳዎቹን በመልክ ለይቶ፣ ልደታቸውንና ሞታቸውን ለዓመታት መዝግቦ የቆየው ክትትል ነው። ታማሚና ጤነኛ የሚለየው መስመር የሚሰመረው፣ ስሕተቱ ስንት እንደሆነ የሚታወቀው፣ ፕሮቲን ያሳየችው እናት ልጇን አሳድጋ እንደሆነ የሚነገረው በዚያ መዝገብ ነው። የወባው ኪት ስሕተትም የተጋለጠው ሌላ የተሻለ ኪት ስለመጣ አይደለም፤ አገሪቱ በገዛ ሕዝቧ ደም ላይ ኪቱን መልሳ ስለመረመረች ነው።

ስለዚህ አዲስ የፕሮቲን ምርመራ ለሰው፣ ለበግ ወይም ለዱር እንስሳ በመጣ ቁጥር ከዋጋው በፊት ሦስት ነገር መጠየቅ ይገባል፦ በእኛ ምድር በማን ላይ ተሞከረ? በሽታው እዚህ ምን ያህል ይገኛል? የሚያመልጠውንስ ማን ይቆጥራል? ለእነዚህ መልስ ያለው ጤና ጣቢያና የእንስሳት ክሊኒክ ኪቱ ሲሳሳት ያውቃል። መልስ የሌለው ደግሞ መስመሩ ስለወጣ ያክማል፣ ስላልወጣ ያሰናብታል፤ ስሕተቱንም የሚያውቀው ሕመምተኛው ወይም ባለ ከብቱ ብቻ ይሆናል።